የነፃ ሕግ ድጋፍ ፕሮፖዛላችን፣ ከመፈረሙ በፊት ሃሳብ ስጡበት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ጀማው። እሁድ ስብሰባ ላይ ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው፣ የእድሮቹም የአፎቻዎቹም (እንደ እድር ያሉት የመረዳጃ ማኅበሮች) ሰብሳቢዎች ሳያዩት አንፈርምም ብለዋል። ረቂቁ ባጭሩ ጠበቃ መያዝ ለማይችል የድሬ (ድሬዳዋ) ሰው በፍትሐብሔር ጉዳይ ማለትም በቀለብ፣ በውርስ፣ በቤት ኪራይ፣ በደመወዝ በነፃ እንርዳ ነው የሚለው። ወንጀል አልገባንበትም፣ እዛ ቢያንስ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለውና ፍትህ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግስት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል። ቀለብ ልትጠይቅ ለሄደች እናት ግን ማን ይቆምላታል? በሉ ሃሳብ ወርውሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ያልተዋጠልኝ ጠበቃ በወር ደመወዝ እንቅጠር የሚለው ነው። ካዝናውን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት ወር ከፍለን ሶስተኛው ላይ ብር አለቀ ልንል ነው? ያኔ ባለጉዳዩ ቀጠሮ ላይ ብቻውን ሊቆም ነው። እንደዛ ከሆነ ጭራሽ ባንጀምረው ይሻላል።

የሳቢያኑ፦ አቦ ጠበቃ እንቅጠር ማን አለ! ጠበቃ በነፃ መስራት እንዳለበት እኮ የታወቀ ነው፣ በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ስነ ምግባር ደንብ ላይ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይ በትንሽ ክፍያ ተብሎ ተጽፏል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በሕግ ኮሌጁ በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የጎደለው ሰውየውን ከነወረቀቱ አስተካክሎ እዛ የሚያደርስ ነው።

የቀፊራዋ፦ ልጄ ልክ ብለሃል። ሰው የሚወድቀው ዳኛ ፊት ሳይደርስ ነው። ጎረቤቴ እንጀራ ሻጭ ናት፣ የልጆቿ አባት ትቷት ሄዶ ቀለብ ልትጠይቅ ነበር። ወረቀቷን በጥቁር ፌስታል ቋጥራ መጣች፣ ስፈታው የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ውሃ የነካው የጋብቻ ወረቀት፣ ከስር ደግሞ ራፖር (አቤቱታ) ጸሐፊ የጻፈላት ሁለት ገጽ። አነበብኩት፣ የሰውየው ሱስ አለ፣ አመሉ አለ፣ እናቱ ሳትቀር ተሰድባለች፣ መጨረሻው ላይ "ፍትህ ይሰጠኝ" ይላል። በወር ስንት ብር እንደምትፈልግ ግን አንድም ቦታ የለም! ፍርድ ቤት መለሱባት። ድጋሚ ለማስጻፍ ድጋሚ ብር፣ የዛን ቀን ደግሞ እንጀራም አልሸጠችም።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት፣ እንዲህ ያለ ራፖር ስንቱን አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ረቂቁ ላይ ሳታስገቡ እንዳትፈርሙ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል፣ የ1958ቱ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አለላችሁ። ያለውን ንብረት ከነግምቱ ይዘረዝራል፣ እውነት ነው ብሎ ያረጋግጣል፣ ባላጋራውም ተጠርቶ "ይሄማ ደሃ አይደለም" ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንዱ ምንም የለኝም ብሎ ጻፈ፣ ባላጋራው ሁለት ፍየል አለው አለ። ፍየሎቹን ጽፏቸው ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር እኮ፣ የጎዳው መደበቁ ነው። ሰው ደግሞ ድህነቱን ወረቀት ላይ ሲዘረዝሩት ያፍራል፣ ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁት፣ ለብቻው ጥግ ይዛችሁ አነጋግሩት።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ ይሄማ የፕሮፖዛሉ ልብ ነው። "ነፃ ጥብቅና" የሚለውን ርዕስ አውጥቼ "የወረቀት ዝግጅትና ማገናኘት" ብዬዋለሁ፣ የማንችለውን ቃል አንግባ።

የሳቢያኑ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀን! መጋዘን ሸክም ላይ የሚሰራ ልጅ ተባሮ በአምስተኛ ወሩ ወደ ስራ መልሱኝ ብሎ መጣ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) ወደ ስራ ለመመለስ ያለህ 3 ወር ነው፣ ላልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር። የሚያናድደው ሰራተኛ በስራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ በሩ ክፍት ነበር። እሱ ግን አራቱን ወር ሽማግሌ ሲልክ ነው የጨረሰው።

የቀፊራዋ፦ ሽማግሌውን አትንኩብን እንጂ! ስንቱ ቤት የቆመው በሽማግሌ ነው።

የሳቢያኑ፦ እትዬ አልነካሁም፣ ሽማግሌው ይሂድ፣ እኛ ግን ቀኑን እንቁጠር ነው የምለው። ፎርሙ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "መቼ ነው የሆነው?" ይሁን፣ ስም እንኳን ከሱ በኋላ ይምጣ።

የሐረሯ፦ እኛንስ አታካትቱንም? ሐረር እኮ አንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ጡረተኛው፦ እህቴ ሐረር የራሱ ክልል፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ድሬ ላይ ደግሞ የሚሰራው የፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ነው። አንድ ፎርም ለሁለቱም ብናደርግ ሰው እናሳስታለን። እኛ እንጀምርና ፎርሙን ወስዳችሁ በናንተ ሕግ አስተካክሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንደዚህ ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ፣ ወረቀት፣ ኮፒና የባጃጅ ሂሳብ ካዝናው ይችላል። ሶስት ወር ሙከራ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በእድሩ አዳራሽ። ከሰዓት አትበሉኝ፣ የበርጫ (የጫት) ሰዓት ማን ይመጣል፣ እኛ ራሳችንስ?

የቀፊራዋ፦ ሶማልኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው በየቀኑ ይኑር። ሳይገባት የምትፈርም እናት አልፈልግም፣ ተነቦላት፣ በአፏ መልሳ ነግራን ነው የምትፈርመው።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። አስተካክዬ እስከ ዓርብ እልካለሁ። የቀረን ፕሪንተር ብቻ ነው፣ ማን አለው?

የሳቢያኑ፦ እኔ ቤት አለ፣ ቀለሙ ግን ካለቀ ቆይቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ አወቅኩት፣ እሱም ወደኔ ሊመጣ ነው 😅