ሙሌቱ 89% ላይ ነው፣ ድብታው ግን አልለቀቀም

ታካሚው የ68 ዓመት አባት ናቸው፤ ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት በሽታ አለባቸው። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን እያገኙ የደም ኦክስጅን ሙሌታቸው 90% ነበር፤ የታዘዘው ግብ 88–92% ነው። በአየር የሚሠራ ኮምፕረሰር ስለሌለን የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን ወደ ጉም ቀይሮ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) የምንሰጠው ከሲሊንደር በሚመጣ ኦክስጅን፣ በ6 ሊትር፣ ከ6 ደቂቃ ሳናሳልፍ ነው።

ከዛሬው ኔቡላይዘር በኋላ ሙሌቱ 97% ሆነ፣ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ከ28 ወደ 14 ወረደ። አሁን ሲጠሩ ብቻ ይነቃሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው አንጓቸውን ወደ ላይ ሲያጥፉ መዳፋቸው ይርገበገባል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት ይመስለኛል፤ ይህን ደግሞ ኦክሲሜትር (ሙሌቱን ጣት ላይ የሚለካው መሣሪያ) አያሳይም፣ 97 የሚለው ቁጥር እንዲያውም ያዘናጋል።

ኦክስጅኑን በአንዴ ማቋረጥ ሙሌቱን ከመነሻው በታች ሊጥለው ስለሚችል ቀስ በቀስ ቀነስን። በ1 ሊትር 84% ወረደ፣ በ1.5 ሊትር 89% ይዟል። ጣታቸው ሙቅ ነው፣ የኦክሲሜትሩ የልብ ምት ሞገድም ጥርት ያለ ስለሆነ ንባቡን አምነዋለሁ። ከወገብ በላይ ቀና አድርገን አስቀምጠናቸዋል። ድብታው ግን እንዳለ ነው። ተረኛው ሐኪም አይቷቸዋል፤ የደም ጋዝ ምርመራ (በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው) እና ቬንቹሪ ማስክ (የኦክስጅኑን መጠን የሚወስን ጭምብል) የለንም፣ ባይፓፕ (በጭምብል በግፊት አተነፋፈስን የሚያግዝ መሣሪያ) የሚገኘው በሪፈር ብቻ ነው።

ይህን ያያችሁ ባለሙያዎች፦ ሙሌቱ ግቡ ውስጥ ሆኖ ድብታው ካልተሻሻለ፣ ያለ ደም ጋዝ ውጤት ለባይፓፕ አሁኑኑ ለመላክ የምትወስኑት በየትኛው የአልጋ ዳር ምልክት ነው?