ጥቆማ፦ ከሠራዊት ወጥታችሁ ጅማ ላይ የመጀመሪያ የጭነት መኪና ሥራ ለምትፈልጉ

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በተለያየ ቀን ደውለው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። ሦስቱም ከመከላከያ በቅርቡ የተሰናበቱ ናቸው። ሦስቱም ኦራል፣ ማለትም የወታደር ጭነት መኪና፣ ሲነዱ ኖረዋል። ጅማ ገብተው የጭነት መኪና ሥራ ሲያፈላልጉ "ልምድ የለህም" እየተባሉ ይመለሳሉ። ዓመታት መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ልምድ የለህም ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እኔም ተብያለሁ። ለእነሱ በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ላስቀምጠው። ሌላም የሚፈልግ አይጠፋም።

እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ለማግኘት አራት ወር ፈጅቶብኛል። ሦስቱን ወር ደላላ ስጠብቅ ነው ያባከንኩት። ሥራውን ያገኘሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥቆማዬ ወደ ጋራዥ ቢያደላ አትፍረዱብኝ።

ወረቀት

መሸኛ ደብዳቤያችሁን አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። የእኔ እጥፋቱ ማኅተሙ ላይ አረፈ። ከላብና ከዝናብ ጋር ሰማያዊው ቀለም ፈሰሰ፣ የክፍሉ ስም ግማሹ ጠፋ። አንድ ባለንብረት ወደ ብርሃን አዙሮ ካየው በኋላ ዝም ብሎ መለሰልኝ። ያን ቀን የገዛሁት የፕላስቲክ ማኅደር ዛሬም ወንበሬ ስር አለ።

ገና ያልወጣችሁ ካላችሁ ይሄን ስሙኝ። ደብዳቤው ላይ "በአሽከርካሪነት አገልግሏል" የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። የነዳችሁትን የመኪና ዓይነትና ስንት ዓመት እንደነዳችሁ እንዲጻፍ ጠይቁ። እዚያው ክፍላችሁ እያላችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ግን ለአንዲት መስመር ብላችሁ ስንት ቀን መንገድ ልትሄዱ ነው።

ሲቪል አሠሪ የሚጠይቀው ሲቪል መንጃ ፈቃድ ነው። የመንጃ ፈቃድ አዋጁ 1074/2010 ነው፤ ለእኛ የሚሆነው ምድብ ደረቅ ጭነት ይባላል። ተሳቢ ለመንዳት ደረቅ ጭነት ሦስት ያስፈልጋል። በየትኛው ምድብ መግባት እንደምትችሉ ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከትምህርት ቤቱ መዝጋቢ አፍ ብቻ አትቀበሉ።

ማሠልጠኛ

ጅማ ውስጥ ሁለት ቦታ ሄጄ አይቻለሁ። አንደኛው ዋጋው ረከስ ይላል፤ ግን አንድ መኪና ላይ ብዙ ሰው ይደረድራል። ቁጭ ብለህ ተራ ስትጠብቅ ትውላለህ። ሁለተኛው ወደድ ይላል፤ ግን አሠልጣኙ ዳገት ላይ አስቁሞ ያስነሳሃል፣ ወደ ኋላ ጠባብ በር ያስገባሃል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ አልቆጨኝም። ስም አልጠራም፤ መለያውን ግን ልንገራችሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ ቁሙና እዩ። አንድ ተማሪ መሪ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ? መኪናው ባዶ ነው ወይስ ጭነት አለው? ሌላ ምንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

"እኔ እኮ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ ምን ሊያስተምሩኝ?" የሚል ይኖራል። እኔም ብያለሁ። ኦራል ስድስቱም ጎማ የሚስብ፣ ጭቃ የማይፈራ መኪና ነው። ፍሬኑ አየርና ዘይት ድብልቅ ነው። ሲኖትራክ ግን ሙሉ በሙሉ የአየር ፍሬን ነው። ጠዋት አስነስተህ የአየር ጌጁ እስኪሞላ ካልጠበቅክ መኪናው አይንቀሳቀስልህም። የአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ማስወጣት አለብህ። ደግሞ ኦራል ላይ የምንጭነው ሰውና ስንቅ ነበር። የቡና ጆንያ እስከ ላይ ተደርድሮ ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚሰጠው ስሜት ፈጽሞ ሌላ ነው። ይሄን መቀበል ለእኔ ከባድ ነበር። ከተቀበልኩ በኋላ ግን ሁሉም ቀለለኝ።

ደላላ፣ ማስታወቂያ፣ ጋራዥ

ደላላ ፈጣን ነው ይባላል። ልምድ ላለው ሾፌር እውነት ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ግን የሚያመጣው ሌላው ሾፌር ጥሎት የሄደውን መኪና ነው። አንዱ ደላላ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ስልኬን አነሳ። ከዚያ ወዲያ አላገኘሁትም። መክፈል ካለባችሁ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ይሁን። እምቢ ካለ ተዉት።

የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች ለድርጅት ሥራ ጥሩ ናቸው። ግን አብዛኛው "ሁለት ዓመት በሙያው የሠራ" ይላል። እዚያ ላይ ነው በደንብ የተጻፈ መሸኛ የሚረዳው። በቀበሌ በኩል ሥራ ፈላጊነት መመዝገብም አትተዉ። ለእኔ ሥራ አላመጣልኝም፤ ከእኔ በኋላ ለወጣ ጓዴ ግን የጥበቃ ሥራ አግኝቶለት ቤት ኪራዩን እየከፈለ መኪና ፈለገ።

አሁን ጋራዥ። ገንዘቤ ሲያልቅ አንድ ጎሚስታ ጋ ጎማ እያወረድኩ መዋል ጀመርኩ። የቀን ምሳና ትንሽ ብር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አጠገቡ ያለው መካኒክ ከአንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ስር ተኝቶ "እስኪ ፍሬን ርገጥልኝ" አለኝ። ገብቼ ረገጥኩ። "ልቀቅ።" ለቀቅኩ። "ደግመህ፣ ቀስ ብለህ።" ከስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝና "የት ነው የነዳኸው?" አለ። ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሠራ መኪና ሲሞከር እኔን ይዞ ይወጣ ጀመር። ከአጋሮ መንገድ እስከ ሰርቦ ድረስ አስነድቶኛል። ወሩ ሳይሞላ አንድ ባለንብረት መጥቶ "ሾፌሬ ሄደብኝ፣ ሰው አታውቅም?" አለው። መካኒኩ ቀና እንኳ ሳይል በመፍቻው ወደ እኔ ጠቆመ።

ባለንብረት የደላላን ቃል አያምንም። የመካኒኩን ግን ያምናል፤ ምክንያቱም የትኛው ሾፌር ፍሪሲዮን እንደሚጨርስ፣ የትኛው ሳያስፈልግ ፍሬን እንደሚበላ የሚያውቀው እሱ ነው። እናንተም ስለ ባለንብረቱ የምትጠይቁት እሱን ነው። የትኛው በጊዜው ሰርቪስ እንደሚያስደርግ፣ የትኛው "እስከ ሚቀጥለው ጉዞ ይቆይ" እንደሚል ያውቃል።

የቱ ሥራ ይሻላል?

ለመጀመሪያ ሥራ የእኔ ምርጫ ቡና የሚጭን አይሱዙ ወይም ኤፍኤስአር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ በኩል ቡና ይወርዳል። ጅማ የምርት ገበያው መጋዘን አለ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መንገዱን ትለምዳላችሁ፣ ሚዛንና ሰነድ ትለምዳላችሁ፣ ማታ ብዙ ጊዜ ቤታችሁ ታድራላችሁ። ባለንብረት ሾፌር የሚፈልገው ወቅቱ ሳይጀምር ነው። መስከረም ላይ እዚህ ተገኙ። ክረምት ላይ መጥቶ ሥራ የለም ያለ ሰው አይፈረድበትም፤ ግን ጊዜውን አልመረጠም።

ገልባጭ ላይ ቶሎ ይቀጠራል። ከካባ ድንጋይና አሸዋ ማመላለስ ነው። መኪናው ይጎሳቆላል፣ በጉዞ ቁጥር ስለሚከፈል ሾፌሩ ይጣደፋል። ለእጅ ማፍታቻ ሁለት ሦስት ወር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመክርም።

ድርጅት ከተገኘ ግን ድርጅት። የቡና እርሻዎቹ፣ የውሽውሽ ሻይ፣ በደሌ ቢራ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎች መኪና ያስፈልጋቸዋል። ደመወዙ በግል ከሚገኘው ሊያንስ ይችላል። ግን ጡረታ አለው፦ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ። ቤተሰብ ያለው ሰው ይሄን አቅልሎ አይየው።

ዋስና ውል

ብዙ ዓመት ከከተማው ርቆ ለኖረ ሰው ትልቁ ችግር ዋስ ነው። ባለንብረት ቁልፍ የሚሰጠው በዋስ ነው። ዋሱ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የደመወዝ ማረጋገጫ ይጠየቃል። እኔን ዋስ የሆነችኝ አስተማሪ አክስቴ ናት። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የገንዘብ መጠን አልነበረም። "ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ" ነበር የሚለው። አክስቴ አነበበችና እስኪብርቶውን አስቀመጠች። ልክ ነበረች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም ይላል። መጠን ተጽፎበት ፈረመች። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው እንደዚህ ጠብቁት።

የሥራ ውሉም በቃል አይቅር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ሲኖር አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዛል። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። "ስድስት ወር በሙከራ እየነዳህ እናያለን" የሚል አጋጥሞኛል፤ ትቼው ሄድኩ። ውሎ አበል፣ ጎማ ሲፈነዳ ማን ይከፍላል፣ ቅጣት ሲመጣ የማን ነው የሚለውን አስጽፉ። ሠራዊት ቤት ነዳጅም ጎማም ጠይቀን አናውቅም፤ እዚህ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ትሰበስባላችሁ።

ጊቤ

ይሄኛው ላይ ልቆይ። አንድ ጊዜ በትውውቅ የሰው መኪና ላይ ተተክቼ ቡና ጭኜ ወጣሁ። የፍሬን ሸራው ማለቁን ባለቤቱ ያውቃል፤ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየላላ ሄደ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ረዳቱ ታኮውን፣ የጎማ ማገጃውን፣ አቅፎ በር ከፍቶ ቆመ። ገና ከላይ በትንሽ ማርሽ ስለገባሁ ሞተሩ ይዞልኝ ዳር ቆምኩ። ታምቡሩ ላይ ውኃ ጠብ ሲል ጢስ ሆነ። ከባዶ ኦራል ጋር ያን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ ፍሬን መኖሩንም አላስብም ነበር።

ስለዚህ መኪና ስትረከቡ ባለንብረቱ ፊት ጎማ አስፈቱና የፍሬን ሸራውን እዩ። ቅር የሚለው ባለንብረት ጋ አትሥሩ። የምትወጡበትን ማርሽ ያህል ለመውረድም ያዙ። ፍሬኑን ተጭናችሁ አትውረዱ፤ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ።

ከመጀመሪያ ደመወዝ የሚገዛ

የወታደር ከስክስ ጫማችሁን ለመንዳት አታድርጉት። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ፔዳሉ እግራችሁ ላይ አይሰማም። ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ከመርካቶ ግዙ፤ ከስክሱ ጭቃ ላይ ጎማ ለመቀየር ይቀመጥ። የግንባር መብራት ከእጅ ባትሪ ይሻላል፤ ጎማ ሲፈታ ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል። ታኮ የእንጨት ይሁን፣ ሁለት ይሁን። ድንጋይ እፈልጋለሁ ብላችሁ ዳገት ላይ አትተማመኑ።

የጭነት መሸፈኛ ሸራ የባለንብረቱ ነው፤ ግን አስተያየት ከጠየቃችሁ ወፍራሙን ሸራ ምከሩ። የፕላስቲኩ ይቀላል፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ ግን ስሩ ያልበዋል፣ ቡና ደግሞ እርጥበት አይወድም። ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ሆናችሁ ወደ ፀሐይ ዘርጉት። ብርሃን ያሳለፈው ቀዳዳ ሁሉ ውኃም ያሳልፋል።

ጫት ስለሚይዝ ሾፌር የጠየቀኝ ልጅ አለ። ባለንብረቶች ጉንጭ ያያሉ። እኔም እላለሁ፦ ሲደክማችሁ ወልቂጤ ላይ እደሩ።

ጅቡቲስ?

ሦስቱም መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ ይሄን ነው። ገንዘቡ እዚያ ነው፣ እውነት ነው። ግን 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ለጀማሪ የሚሰጥ ባለንብረት ወይ አያውቅም ወይ መኪናው ሰው አጥቷል። አንድ የቡና ወቅት እዚህ ጨርሱ፣ ከዚያ ሲኖ ላይ ሁለተኛ ሾፌር ሆናችሁ ውጡ። እኔ ያን መንገድ ዘንድሮ ነው የምጀምረው።

የአሁኑ ባለንብረቴ ሁለተኛ ኤፍኤስአር አስገብቷል። መስከረም ላይ ለእኔ ምትክ፣ ለአዲሷም መኪና ሾፌር ይፈልጋል። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱን ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ጋ ይዣቸው እሄዳለሁ። ሦስተኛው መንጃ ፈቃዱን ገና እየጨረሰ ነው። ለእሱ የሚሆን፣ ሰው የማይንቅ ጋራዥ ወይም ጎሚስታ ጅማ ውስጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።