መሬቴ ላይ የተገኘ የአደን ዕቃ፦ ባነሳው ሌባ ነኝ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሬቴ ላይ ዛፍ ላይ የታሰረ የአደን ካሜራ አገኘሁ። ራቅ ብሎ ደግሞ አዳኝ ተቀምጦ አውሬ የሚጠብቅበት ማማ ተሠርቷል። ማንም አላስፈቀደኝም። ፈትቼ ቤቴ ባስገባው ሌባ ነኝ? ሳይፈቀድለት የገባው እሱ አይደል እንዴ?

አዳኙ፦ ነህ እንጂ! ካሜራው ተረስቶ እኮ አይደለም። ሥራው እዚያ መቆየት ነው። አውሬ ሲያልፍ ሙቀቱንና እንቅስቃሴውን ለይቶ ራሱ ያነሳል። ባለቤቱ በሳምንት፣ አንዳንዴም በወር ነው ብቅ የሚለው። መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ብሄድ ጥሎት ሄደ ትላለህ?

ገበሬው፦ ወንድሜ፣ መኪናህን ግቢዬ ውስጥ ብታቆማትስ? የማላውቀውን ሰው ማማ ስጠብቅ አልከርምም። ካሜራው ደግሞ አውሬ ብቻ አይደለም የሚያነሳው። በዚያ ልጆቼ ያልፋሉ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ስለ ልጆቹ ልክ ነህ። ግን ማንሳትና የራስ ማድረግን አትቀላቅሉ። በብዙ አገር ሕግ የጠፋ፣ የተረሳና ባለቤቱ አውቆ የጣለው ዕቃ ይለያያሉ። ያገኘው ሰው ወዲያው የእኔ ነው ሊል የሚችለው የተጣለውን ነው። ባትሪ ያለው፣ በቁልፍ የታሰረ ካሜራ ተጥሏል አይባልም። ከሮማ ሕግ ጀምሮ የዱር አውሬ እስኪያዝ ባለቤት የለውም ይባላል። ካሜራው ግን አለው። መሬቱ የአንተ መሆኑ ዕቃው እንዲነሳልህ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል፣ ዕቃውን ግን አይሰጥህም።

ገበሬው፦ የተከለከለ ቢሆንስ? የአሜሪካዋ ግዛት አሪዞና በፈረንጆቹ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በእነዚህ ካሜራዎች ታግዞ ማደንን ከልክላለች።

የሕግ ተማሪዋ፦ የተከለከለው አደኑ ነው። ሰው በተከለከለ መረብ ዓሣ ቢያጠምድ መረቡን ወስደህ ትሸጠዋለህ? ለሚመለከተው ትናገራለህ እንጂ።

ዱር ጠባቂው፦ ካሜራ ማንንም አይገድልም፣ ተከራከሩበት። የሽቦ ወጥመድስ? ሽቦ አይመርጥም። ለሚዳቋ የተዘረጋው የሰው ውሻም ያንቃል። ያጠመደው ሰው ቢረሳውም ቢሞትም ወጥመዱ እዚያው ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሳገኝ ባለቤቱን ፍለጋ አልዞርም። እነቅለዋለሁ።

አዳኙ፦ ተው እንጂ ጌታዬ! ፈቃድ ያለው አጥማጅም አለ። በየቦታው ወጥመዱ ላይ ስም ወይም ቁጥር ማድረግ ግዴታ የሆነበት ሕግ አለ። ያንን ብትነቅል የሰው እንጀራ ነካህ።

ዱር ጠባቂው፦ ቁጥር ካለው አልነካም፣ እደውላለሁ። እስካሁን የነቀልኳቸው ላይ ግን አንድም ስም አላየሁም። ማን ስሙን ጽፎ ይሰርቃል? ሽቦውን ደግሞ ቤቴ አልወስድም። ቦታውን ፎቶ አንስቼ አስረክባለሁ።

አዳኙ፦ እሱስ ይሁን። ስም የሌለው ወጥመድ እኛንም ነው የሚያሰድበን።

ጠያቂው፦ አሁን ሄጄ አየሁት። ካሜራው ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። እውነቱን ልንገራችሁ? ካሜራው አምሮኝ ነበር።

አዳኙ፦ ሃሃ! ደውልለት በቃ።

ገበሬው፦ ደውልና ማማውን በሳምንት ውስጥ ንቀል በለው።

ጠያቂው፦ ካልነቀለስ?

ገበሬው፦ ማገዶ ነዋ!

የሕግ ተማሪዋ፦ ኧረ በፈጠረህ! መጀመሪያ በጽሑፍ አስጠንቅቀው፣ ቀኑንም ጻፍበት።