ኤክሴል ላይ የግራፉን ኤክስና ዋይ እንዴት ነው የምገለብጠው?

ባለ ቴርሞሜትሩ፦
ሰላም ሰዎች። ኤክሴል የምትችሉ እስቲ ገላግሉኝ። አራት ኪሎ ነው የምማረው። ለፊዚክስ ፕሮጀክት ከእንጦጦ ተነስተን በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ እያልን እስከ ለገሃር እየወረድን በየቦታው ውሃ አፍልተን በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለካን። የመጀመሪያው ኮለም ላይ ከፍታው በሜትር አለ፣ ሁለተኛው ላይ የፈላበት ሙቀት። ስካተር ቻርት (በነጥብ የሚሳለውን ግራፍ) ስሰራ ከፍታው ከታች ተኛ፣ ሙቀቱ ጎን ላይ ቆመ። አማካሪያችን አዩትና «ከፍታ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ገልብጡት» አሉን። ቻርት ዲዛይን ውስጥ ስዊች ሮው/ኮለም የሚል አገኘሁና ስጫነው ግራፉ ድብልቅልቁ ወጣ። ነጥቦቹ ቀለማቸው ተለያየ፣ ከጎን ያለው የስም ዝርዝር ረዘመ፣ አክሲሱ ግን የፈለግኩት አልሆነም። ነገ ከሰዓት ነው የምናስረክበው፣ በናታችሁ።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሹም፦
ወንድሜ፣ ያቺን ቁልፍ ተዋት። ኤክስና ዋይን አታውቅም። ሥራዋ ሰንጠረዡ በረድፍ ይነበብ ወይስ በዓምድ የሚለውን መቀየር ነው። እኛ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ የምንሰራው ሪፖርት አለ፤ 11ዱ ክፍለ ከተሞች ወደ ታች፣ አራቱ ሩብ ዓመቶች ወደ ጎን ተደርድረዋል። ኮለም ቻርት ስታዘው ኤክሴል በቁጥር የበዛውን ነው ከስር የሚያሰልፈው። ስለዚህ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ እያለ ክፍለ ከተሞቹን ይደረድርና ሩብ ዓመቶቹን በቀለም ይለያቸዋል። ስዊች ስትለው ከስር አራት ሩብ ዓመት ብቻ ይቀርና በያንዳንዱ ላይ 11 ቀለም ይቆማል፣ የጥምቀት ጃንጥላ ነው የሚመስለው። ብሩ ግን እዛው ጎን ላይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ያንተም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱን ቦታ ለብቻው አንድ ሲሪስ (የራሱ ቀለም ያለው የዳታ ቡድን) አደረገልህ። በኮንትሮል ዜድ መልሰው።

እንደኔ ዓይነት ሰንጠረዥ ያለው ሰው ግራፉን ማጋደም ከፈለገ ቼንጅ ቻርት ታይፕ ገብቶ ኮለሙን ባር ያድርገው፣ አለቀ። እኔ በፊትም ባር ነው የምመርጠው። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» የሚል ስም ኮለም ቻርት ስር ቦታ ሲጠበው ሰያፍ ይሆናል፣ አንገት አጣምሞ ማንበብ ነው። ባር ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ ቅደም ተከተሉን ከታች ወደ ላይ ነው የሚደረድረው፣ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የጻፍከው ግርጌ ቁጭ ይላል። ስሞቹ ያሉበትን አክሲስ ሁለቴ ተጫንና ካተጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር የሚለው ላይ ራይት አድርግ። በዛ ሰበብ ቁጥሮቹ ወደ ላይኛው ጫፍ ይዘላሉ፣ እዛው አት ማክሲመም ካተጎሪ ስትለው ይወርዳሉ። ስካተር ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ለሱ ሌሎቹ ይንገሩህ።

ኤፍ ሁለት፦
ስካተር ከሆነ እንዲህ ነው። ግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርግ፣ ሴሌክት ዳታ በል። ከግራ በኩል ያለውን ሲሪስ ምረጥና ኤዲት። ሦስት ሳጥን ይመጣልሃል፤ የሲሪሱ ስም፣ የኤክስ ቫሊዩስ፣ የዋይ ቫሊዩስ። ኤክሱ ውስጥ ያለው አድራሻ ኤ ኮለምን ያሳያል፣ ዋዩ ውስጥ ያለው ቢን። ኤክሱ ውስጥ ኤ የሚለውን ፊደል ቢ አድርግ፣ ዋዩ ውስጥ ቢውን ኤ። ኦኬ፣ ኦኬ። ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚናደድበትን ልንገርህ። ሳጥኑ ውስጥ ገብተህ ፊደሉ ጋ ለመድረስ የቀስት ቁልፍ ስትጫን ኤክሴል ሴል እየመረጥክ ይመስለዋልና አድራሻው መሐል ሌላ አድራሻ ይሰነቅርብሃል። መጀመሪያ ኤፍ 2ን ተጫን። ከዛ በኋላ ቀስቱ ጠቋሚውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሺቱ ላይ ኮለሞቹን ቦታ አቀያይር ይልሃል። ስካተር የግራውን ኮለም ኤክስ ስለሚያደርግ ግራፉን ገና ካልሰራህ ጥሩ ነው። ከሰራህ በኋላ ግን ኮለሙን ቆርጠህ ሌላ ቦታ ብታስገባው ግራፉ ተከትሎት ይሄዳል፣ ምንም አይቀየርም። ወይ አዲስ ግራፍ መስራት ነው፣ ወይ ሴሌክት ዳታ።

የአክሲሶቹን ስም በእጅህ ቀይር። ዳታው ሲገለበጥ ስሙ አይገለበጥም። «ሙቀት» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ 3,000 ይዞ ቢቀርብ አማካሪህ አይለቁህም።

ባለ ቴርሞሜትሩ፦
ኤፍ ሁለት፣ እግዜር ይስጥልኝ! ያልከውን አደረግኩ፣ አሁን ግን ነጥቦቹ በሙሉ ጠፉ። ግራፉ ባዶ ነው። አድራሻዎቹን አየኋቸው፣ ትክክል ናቸው።

ኤፍ ሁለት፦
የሙቀቱ ልዩነት ጎልቶ እንዲታይ ጎን ያለውን አክሲስ ከ88 እስከ 94 ብለህ በእጅህ ወስነኸው ነበር አይደል? ገደቡ ከአክሲሱ ጋር ነው የሚቀረው፣ ከዳታው ጋር አይሄድም። አሁን ሦስት ሺህ ሜትር ከ88 እስከ 94 ባለ መስመር ላይ ተፈልጎ ከየት ይመጣል። ፎርማት አክሲስ ግባና ሚኒመምና ማክሲመም አጠገብ ሪሴት የሚለውን ተጫን። ከዛ የታችኛውን አክሲስ ከ88 እስከ 94 አድርገው።

ሊኑክስ ቤት፦
ኤክሴል የሌላችሁ፦ ሊብሬኦፊስ ካልክ ላይ ግራፉን ሁለቴ ተጭናችሁ በቀኝ ጠቅ፣ ዳታ ሬንጅስ፣ ዳታ ሲሪስ። ኤክስ ቫሊዩስና ዋይ ቫሊዩስ እዛ አሉ፣ አድራሻቸውን ታቀያይራላችሁ። ጉግል ሺትስ ላይ ቻርት ኤዲተር ውስጥ ሴትአፕ የሚለው ጋ ኤክስ አክሲስና ሲሪስ ለየብቻ አሉ፣ ኮለሙን ከዝርዝሩ መምረጥ ነው። እዛም ስዊች ሮውስ/ኮለምስ የምትል አለች፣ የሒሳብ ሹሙ እንዳሉት እሷን አትንኳት።

ስታት ወዳጅ፦
ትሬንድላይን (የነጥቦቹን አካሄድ የሚያሳይ መስመር) አስገብታችኋል? ካስገባችሁ ቆዩ። ኤክሴል ቀጥታ መስመሩን የሚያሰምረው ነጥቦቹ ከመስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ያላቸውን ርቀት ስኩዌር አድርጎ ድምሩን በማሳነስ ነው፣ ወደ ጎን ያለውን ርቀት አያይም። በመጀመሪያው ግራፍ የሚያሳንሰው የሙቀቱን ስህተት ነበር፣ አሁን የከፍታውን ሆነ። ስለዚህ አዲሱ ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋትነት) አንድ ሲካፈል ለድሮው ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ አይገጥምም። ሁለቱ ስሎፖች ሲባዙ አር ስኩዌርድን (መስመሩ ነጥቦቹን ምን ያህል እንደሚገጥም የሚለካውን ቁጥር) ነው የሚሰጡት፤ የሚገጥሙት እሱ ድፍን 1 ሲሆን ብቻ ነው። አር ስኩዌርዱ ራሱ ግን ብትገለብጡትም አይቀየርም።

የትኛውን ልጠቀም ካልክ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምልህ። በግምት 300 ሜትር ስትወጣ የመፍያው ነጥብ 1 ዲግሪ ይወርዳል። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታውን 30 ሜትር ቢስት እንኳ ሙቀቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት የአንድ ዲግሪ አንድ አስረኛ ነው፣ የተለመደ ቴርሞሜትር ደግሞ እሱን ለይቶ ማሳየቱ ያጠራጥራል። ትልቁ ስህተት ያለው ሙቀቱ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቀመሩን ከመጀመሪያው ግራፍ ውሰዱ፣ ለእይታ ደግሞ አማካሪያችሁ ያሏችሁን የተገለበጠውን አቅርቡ። ጂፒኤሱን መፈተሽ ከፈለጋችሁ ቦሌ ሂዱ፤ የኤርፖርቱ ከፍታ 2,334 ሜትር ተብሎ የተመዘገበ ነው፣ ስልካችሁ ምን እንደሚል እዛ ታያላችሁ።

ባለ ቴርሞሜትሩ፦
ሪሴት ስለው ነጥቦቹ ተመለሱ፣ እንጦጦ ከላይ ለገሃር ከታች ሆነው ተደረደሩ። ትሬንድላይኑን ከተገለበጠው ላይ አጥፍቼ ቀመሩን ከመጀመሪያው ግራፍ ወሰድኩ። ቦሌ ዛሬ አይደርስልንም፣ ጓደኞቼን ጠይቄ ነገ ጠዋት ከሆነልን እንሞክራለን።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሹም፦
ዎርድ ላይ ስትለጥፈው ፔስት ስፔሻል ብለህ ፒክቸር አድርገው። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ አማርኛህ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል።