ዜሮ ማርሽ ማግኘት ያዳግታል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይንሸራተታል፦ ካምቢዮው ነው ወይስ ፍሪሲዮኑ?

ተጓዥ ከደጀን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጠቀምበት ሞተር ሳይክል 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክና ባለ አምስት ማርሽ ነው። ለሥራ ጉዳይ በደጀን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ፣ አልፎ አልፎም ዕቃ ጭኜ በዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት እመላለስበታለሁ። ችግሩ በመጀመሪያ የታየው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነበር፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይዤ እንኳ ቆሜ ሳለሁ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ያዳግተኛል፣ ከዜሮ ወደ አንደኛ ሳስገባ ከባድ የብረት ድምፅ ይሰማል፣ አንደኛ ላይ ስቆምም ወደፊት ሊወስደኝ ይታገላል። በአካባቢያችን ያለ ባለሙያ የፍሪሲዮኑን ካቦ ወጥሮ ከሰጠኝ በኋላ ዜሮ ማግኘቱ ቀለል ቢልም፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ የተቃጠለ ነገር ሽታም አለው። አሁን የቀረበልኝ ሐሳብ ሞተሩ ለሁለት ተከፍቶ የካምቢዮው ጥርሶች ይቀየሩ የሚል ነው። ወጪው ለእኔ ከባድ ስለሆነ፣ ከመከፈቱ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በራሴ ለይቼ የማውቅበትን መንገድ ብትነግሩኝ ባለውለታዬ ናችሁ።

የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ

ወንድሜ፣ እባክዎ ሞተሩን ለሁለት ለማስከፈት አይቸኩሉ። የጻፉልን ምልክቶች ሁሉ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ይልቅ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው ወደሚያስተላልፈውና ወደሚያቋርጠው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያመለክቱ ናቸው፤ የሚገርመውም ሁለቱ ችግሮች እርስ በርሳቸው ተቃራኒ መሆናቸው ነው። ዜሮ አለመገኘቱና ሞተሩ ወደፊት መጎተቱ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እንደማይላቀቅ ያሳያል፤ ዳገት ላይ ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ አለመጨመሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንደማይጨብጥ ያሳያል። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ «ማርሹ ተበላሽቷል» ማለት ነው ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ እንዲያወጣ የሚያደርገው።

በእንዲህ ዓይነት ሞተር ውስጥ ፍሪሲዮኑ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር፣ ሸራ (ለመጨበጥ የሚረዳ ሻካራ ልባስ) የለበሱና ያልለበሱ የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ የተደረደሩበት አካል ነው። ሞላዎቹ ዲስኮቹን አጣብቀው ይይዛሉ፤ መሪው ላይ ያለውን የፍሪሲዮን ማንሻ ሲስቡ ካቦው የሞላዎቹን ግፊት ያነሣና ዲስኮቹ ይለያያሉ። ስለዚህ ካቦው ከልክ በላይ ከላላ ዲስኮቹ በደንብ አይለያዩም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ እጅዎ ማንሻው ላይ ባይኖርም ግፊቱ በከፊል የተነሣ ይሆንና ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የእርስዎ ሞተር መንሸራተት የጀመረው ካቦው ከተወጠረ በኋላ መሆኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በመጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉና በመሃል መቆሚያው ያቁሙት። የኋላውን ጎማ በእጅዎ ቀስ እያሉ እያሽከረከሩ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያስገቡ፣ ከዚያም ወደታች ይመልሱ። ጎማውን ሳያንቀሳቅሱ ከሞከሩት የማርሾቹ መቆለፊያ ጥርሶች ስለማይገጣጠሙ ጤነኛ ካምቢዮም ላይገባ ይችላልና በዚህ አይደናገጡ። ጎማው እየዞረ ሁሉም ማርሾች ያለችግር ከገቡና ከወጡ፣ ካምቢዮው ደህና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የማንሻውን ነፃ እንቅስቃሴ ይለኩ፤ ይኸውም ካቦው መሳብ ከመጀመሩ በፊት የማንሻው ጫፍ በላላ የሚሄደው ርቀት ነው። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የእርስዎ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይከተሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠመዘዙም ይለኩት፤ ካቦው በመጥፎ መስመር ካለፈ መሪው ሲዞር ይወጠራል። ካቦው ጫፉ ላይ ክሮቹ ተበጥሰው ወይም በውስጡ ዝጎ ከተገኘ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ስለሆነ ይቀይሩት።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ያሙቁት። በመቆሚያው ላይ እንዳለ ፍሪሲዮኑን ይዘው አንደኛ ሲያስገቡ የኋላው ጎማ ቀስ ብሎ ቢዞር አይጨነቁ፤ በዲስኮቹ መካከል ያለው ዘይት በመጠኑ ይጎትተዋል፣ በተለይ ሲቀዘቅዝ። የኋላ ፍሬን በቀላሉ ካቆመው ጤነኛ ነው፤ ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ ሊጠፋ ከተንገዳገደ ግን ፍሪሲዮኑ አልተላቀቀም ማለት ነው። በዚህ ሙከራ ጊዜ ልብስዎንና እጅዎን ከካቴናው ያርቁ።

ዘይት ሻጭ ከባሕር ዳር

ባለሙያው ባሉት ላይ ስለ ዘይቱ ልጨምር፤ ምክንያቱም ጠያቂያችን ምን ዓይነት ዘይት እንደተሞላ አልገለጹም። የመኪና ሞተር ዘይት ሁሉ ለሞተር ሳይክል አይሆንም የሚባለው በከንቱ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው የሚሠሩ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንሱ ቅመሞች ስላሉባቸው፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚያስፈልገውን መጨበጥ ያሳጡታል። ጃሶ (JASO) የተባለው የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት መለኪያ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህንኑ ለመለየት ነው፤ በጣሳው ጀርባ «ኤምኤ» (MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ይፈልጉ። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ሰበቃው ዝቅተኛ ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው በዘይት ውስጥ ለማይሠራ ስኩተሮች የታሰበ ነው።

ውፍረቱንም ከመመሪያው ይመልከቱ። ከተጻፈው በላይ የወፈረ ዘይት በጠዋት ዲስኮቹን አጣብቆ ማርሹን ያከብዳል፤ ከሚገባው በላይ መሙላትም አይጠቅምም። ሰበቃ ቀናሽ ተብለው በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ተጨማሪዎችን ግን ማንም ቢመክርዎ በዚህ ሞተር ውስጥ አይጨምሩ።

ባለ ሞተር ከሐዋሳ

ከላይ በተሰጡት ምክሮች እስማማለሁ፤ ሆኖም ካምቢዮው ከጥርጣሬ ነፃ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። በሚነዱበት ጊዜ፣ ነዳጅ እየሰጡት ሳለ፣ የገባ ማርሽ በራሱ ዘሎ ይወጣል? የማርሹን መርገጫ ከረገጡ በኋላስ ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቀራል? የመጀመሪያው ካለ የመቆለፊያ ጥርሶቹ ጫፍ መዶልዶሙን ወይም ማርሾቹን የሚገፋው ሹካ መጣመሙን ያሳያል፤ ለዚህ በእርግጥም ሞተሩን ከመክፈት ሌላ መንገድ የለም። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ የመመለሻው ሞላ ስብራት ስለሆነ በአብዛኞቹ ሞተሮች የጎን ሽፋን ብቻ ተከፍቶ ይታያል። ሞተሩ ወድቆ ከሆነም መርገጫው ተጣሞ ከሞተሩ አካል ጋር እየተጋጨ፣ ወይም ማሰሪያ ብሎኑ ላልቶ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። የላላ ካቴናም ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ስለሚመታ ከካምቢዮ የመጣ ድምፅ ይመስላል።

ተጓዥ ከደጀን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ጎማውን እያዞርኩ ስሞክር አምስቱም ማርሾች በለሰለሰ ሁኔታ ገቡ። በጉዞ ላይ ዘሎ የወጣ ማርሽ የለም፣ መርገጫውም ይመለሳል። ማንሻው ግን ምንም ነፃ እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ 15 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲኖረው አድርጌ ካስተካከልኩት በኋላ መንሸራተቱ በሜዳና በቀላል ዳገት ጠፋ፣ ዕቃ ጭኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ግን አሁንም በአራተኛ ማርሽ በጥቂቱ ይታያል። ዜሮ የማጣቱ ችግርም እንደገና መጥቷል፤ መቆሚያው ላይ ሆኖ ፍሬን ስይዝም ሞተሩ ይንገዳገዳል። በጣሳው ላይ የ«ኤምኤ» ምልክት አለ።

የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ

በጣም ጥሩ አድርገው መርምረዋል። ካቦው በልኩ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ችግሮች ከቀሩ፣ መልሱ ያለው በፍሪሲዮኑ ሽፋን ሥር ነው፤ የካምቢዮው ጥርሶች እንዲነኩ አይፍቀዱ። ካቦው ተወጥሮ በተነዳበት ጊዜ ሸራው ተቃጥሎ ሳስቷል፣ ሙቀቱም የብረት ዲስኮቹን ሳያጣምም አልቀረም። የሳሳ ሸራ ይንሸራተታል፣ የተጣመመ ብረት ደግሞ አይላቀቅም፤ በአንድ ሞተር ላይ ተቃራኒዎቹ ምልክቶች አብረው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመወጠሩ በፊት የነበረው ዜሮ የማጣት ችግር ግን ሌላ መነሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከዚህ በታች ስለ ዲስኮቹ ማቀፊያ የምለውን ባለሙያዎ እንዳያልፈው አደራ።

ዘይቱ ሲወርድ በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉት። ጥቁር የሸራ ብናኝና የመቃጠል ሽታ ካለው ግምታችን ይጠናከራል፤ የጥርስ ስብርባሪ የሚመስል ብረት ከተገኘ ግን ካምቢዮውን በተመለከተ ያልኩትን እሰርዛለሁ። ሽፋኑ ሲከፈት የሸራዎቹ ውፍረትና የሞላዎቹ ርዝመት በካሊፐር ተለክቶ ከመመሪያው ጋር ይነጻጸር። የብረት ዲስኮቹ አንድ በአንድ በመስተዋት ላይ ተጋድመው በሥራቸው ቀጭን መለኪያ ይሞከር፣ ከመመሪያው ልክ የወፈረው ከገባ ዲስኩ ተጣሟል፤ ሙቀት ያገኘው ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለምም ይይዛል። ከዚያ ዲስኮቹን አቅፎ የሚይዘው ክፍል ጣቶች ይታዩ። የሸራዎቹ ጆሮ ጣቶቹን እየመታ ጉድጓድ ካወጣባቸው ዲስኮቹ እዚያ ይያዛሉ፣ አዲስ ሸራ ቢገባም ዜሮ ማርሽ አይገኝም። ጉድጓዱ ቀላል ከሆነ በሞረድ ማስተካከል ይቻላል፣ ጥልቅ ከሆነ ማቀፊያው ይቀየራል።

ሸራና ሞላ ሲቀየሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ። አዲሶቹ ሸራዎች ከመገጠማቸው በፊት በሚሞላው ዘይት ውስጥ ይዘፈዘፉ፤ ደረቅ ሆነው ከገቡ በመጀመሪያው ጉዞ ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሞላዎቹ ብሎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጥበቁ፣ በመጨረሻም የማንሻው ነፃ እንቅስቃሴ እንደገና ይለካ፤ ከአዲስ ዲስክ ጋር የድሮው ልክ አይሠራም።