ጥያቄ፦ የከርሰ ምድር ውሃ የሚሞላበትን ቦታ በካርታ እንዴት ልለይ? (ሰሜን ሸዋ)

ጠያቂ፣ ሞረትና ጅሩ፦
ሰላም ወገኖች። በቀበሌያችን የእጅ ጉድጓዶች በጋው ሲበረታ ይደርቃሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ይህን ውሃ ወደ ውስጥ የምናሰርግበት ቦታ ፍለጋ በኪውጂአይኤስ (QGIS፣ የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ጀምሬያለሁ። ተዳፋት፣ አፈር፣ ዝናብና የመሬት አጠቃቀም ደራርቤ ስሠራ፣ "በጣም ተስማሚ" ሆኖ የወጣው ጥቁር አፈር ያለበት የእነዋሪ ሜዳ ነው። ልመነው?

የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦
አትመነው ወንድሜ። ሜዳ ስለሆነ ብቻ ውሃ አይሰርግም። ያልከው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ግን ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። ገበሬው መደብና ቦይ አውጥቶ ውሃውን የሚያጠነፍፈው እኮ ለዚህ ነው! ለአፈሩ ከተዳፋቱ የበለጠ ክብደት (በውጤቱ ላይ ያለውን ድርሻ) ስጠው።

ከሁሉም በላይ የጎደለህ ጂኦሎጂው ነው። አካባቢያችን በአብዛኛው ባዛልት ነው። ውሃ የሚጓዘው በድንጋዩ ስንጥቅና በበሰበሰው ክፍል በኩል ነው። ስለዚህ የስብራት መስመሮችን (ድንጋዩ የተሰነጠቀባቸውን ረጃጅም መስመሮች) ካርታ ጨምር። የጅረቶችን ጥግግትም አስገባ፤ ጅረት የበዛበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ውሃው በላይ የሚሮጥበት ነው። ከጀማ ገደል አፋፍ ግን ራቅ በል። እዚያ ያሰረግከው ውሃ በምንጭ ሆኖ ወደ ሸለቆው ሊወርድብህ ይችላል።

የጂአይኤስ ባለሙያ፦
በጂኦሎጂው እስማማለሁ። ተዳፋቱን ከማስላትህ በፊት የከፍታ ዳታውን ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (በሜትር የሚለካ የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ቀይር። በዲግሪ ከተውከው ተዳፋቱ የተሳሳተ ይወጣል። የዝናብ ዳታህ ቺርፕስ (CHIRPS፣ ከሳተላይትና ከጣቢያ ልኬት የተሠራ የዝናብ ዳታ) ከሆነ ደግሞ አንዱ ፒክሰል (የካርታው ትንሿ ካሬ) በጎኑ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለአንድ ቀበሌ ልዩነት አያሳይህም። ዝናቡን ከስሌቱ ብታስቀረው ይሻላል። ክብደቱን በኤኤችፒ (AHP፣ መስፈርቶችን ሁለት ሁለቱን እያወዳደሩ ክብደት የማውጫ ዘዴ) ካሰላህ የወጥነት ሬሾው (ንጽጽሮችህ እርስ በርስ አለመጋጨታቸውን የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.1 በታች ይሁን።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉድጓዶቹን ጥልቀትስ የት ላስገባው?

የመስኖ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ክብደት ውስጥ አታስገባው፤ ካርታውን ለማረጋገጫ አስቀምጠው። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለውን የውሃ ደረጃ ግንቦት ላይ ለካ፣ መስከረም ላይ ድገመው። ብዙ ከፍ ያለበት ቦታ ውሃ በደንብ የሚገባበት ሊሆን ይችላል። ካርታህ ከዚያ ጋር ካልገጠመ ካርታው ይታረም። እኛ ቆላ ያለነው ደለልና ጠጠር ስላለን ይቀለናል፤ የእኛን ክብደት እንዳለ እንዳትገለብጠው።

ቦታ ከመረጥክ በኋላ ሁለቱም አፉ የተከፈተ የበርሜል ቁራጭ መሬቱ ውስጥ ትከል። ውሃ ሙላበትና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለካ። አፈሩ እስኪጠግብ ደጋግመው፤ የመጀመሪያው ልኬት ያታልላል። ውሃ የምታሰርጉበትን ኩሬ ከመቆፈራችሁ በፊት ደግሞ ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከን ይሠራ፤ ካልሆነ ደለል ቶሎ ይደፍነዋል።