የሰርግ ፎቶ ላይ ግንቡ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሰለ፣ ኦሪጅናሉን ሳልነካ እንዴት ላቃናው?

የአዘዞዋ፦
ሰላም እንደምን ናችሁ፣ ፎቶሾፕ ላይ ጎበዝ የሆናችሁ እስኪ እርዱኝ። ባለፈው ሙሽሮች ይዤ ፋሲል ግቢ ገብቼ ነበር፣ የአፄ ፋሲል ግንብ ከነማማው ሙሉ እንዲገባልኝ ብዬ በርከክ አልኩና በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጌ አነሳሁት። ካባው ምናምን አሪፍ ወጥቷል ግን ግንቡ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ነው የሚመስለው፣ ማማዎቹ ወደ ውስጥ ተጠጋግተዋል። በኮንትሮል ቲ ገብቼ ፐርስፔክቲቭ ስለው ይቃናል፣ ሙሽራው ግን አንዴ በጣም ገተርሽው ይለኛል አንዴ ደግሞ አሁንም ያዘነበለ ነው ይለኛል፣ ደግሜ በጎተትኩት ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ እየደበዘዘ ሄደ፣ ለግድግዳ በትልቁ ነው የሚታተመው። ኦሪጅናሉ ሳይነካ ባሰኘኝ ሰዓት እየተመለስኩ የማስተካክልበት መንገድ የለም? ፋይሉ በሮው አለኝ፣ ካሜራው ጥሬውን እንዳለ ያስቀመጠው ማለት ነው።

ጨለማ ክፍል፦
አለ እንጂ። ተራ ሌየር (የምስል ንብርብር) ላይ ስትጎትች ፎቶሾፕ ፒክስሉን ሁሉ እንደ አዲስ አስልቶ ይጽፈዋል፣ ኢንተር ካልሽ በኋላ የድሮው የለም፣ ቀጣዩ ደግሞ ከተሰላው ላይ ነው የሚሰላው፣ የደበዘዘብሽ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሌየሩን ራይት ክሊክ አድርጊና ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት በይው። ከዛ ያው ኮንትሮል ቲ ነው፣ ግን አሁን ፎቶው ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ አንቺ የምትቀይሪው ትእዛዙን ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ብትመለሺ ሳጥኑ እንደተውሽው ይጠብቅሻል፣ ደግመሽ ብትጎትችም ከኦሪጅናሉ ነው የሚያሰላው። ኤዲት ሜኑ ውስጥ ያለው ፐርስፔክቲቭ ዋርፕም ስማርት ፊልተር (ተመልሶ የሚስተካከል ፊልተር) ሆኖ ከስሩ ይቀመጣል፣ ስሙን ደብል ክሊክ አድርገሽ ትገቢበታለሽ። ፐርስፔክቲቭ ክሮፕ የሚባለውን ቱል ግን ተይው፣ እሱ ፒክስሉን ራሱን ነው የሚለውጠው። ሴቭ በፒኤስዲ ወይ በቲፍ ከነሌየሩ፣ ጄፔግ ለሙሽራው መላኪያ ብቻ።

ማራኪ ሰፈር፦
ሮው ካላት ምን በኮንትሮል ቲ ያደክማታል? ካሜራ ሮው (ፎቶሾፕ ሮው ፋይል የሚከፍትበት መስኮት) ውስጥ ክፈችው፣ መጀመሪያ ኦፕቲክስ ጋ ገብተሽ የሌንሱን ፕሮፋይል አብሪ፣ ሰፊ ሌንስ መስመሩን ስለሚያጎብጠው ያ ሳይስተካከል ፐርስፔክቲቭ መንካት ድካም ነው። ከዛ ጂኦሜትሪ። አውቶውን ሞክሪው፣ ካልጣመሽ ጋይድድ የሚለውን ያዥና ቀጥ ማለት ያለበት ነገር ላይ ቢያንስ ሁለት መስመር አስምሪ፣ እስከ አራት ይፈቅዳል። ቨርቲካል ስላይደሩን ሙሽራው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እስኪበቃው ማወዛወዝ ትችያለሽ ምክንያቱም ሮው ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ፒክስል የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀመጠው። ስትጨርሺ ሺፍት ይዘሽ ኦፕን ብትይው ስማርት ኦብጀክት ሆኖ ፎቶሾፕ ይገባል፣ ሌየሩን ደብል ክሊክ ስታደርጊ ስላይደሮቹ እንዳሉ ይመለሳሉ። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይም ያው ነው፣ ከፈረንጆቹ 2013 ከላይትሩም 5 ጀምሮ አፕራይት (ይሄው ማቃኛ) አለ፣ ጋይድዱ በ2016 የተጨመረ ነው።

የአዘዞዋ፦
እሽ ወንድሜ ሞከርኩት፣ ጋይድድ ላይ ግን የማማውን ጠርዝ ተከትዬ ሳሰምር ይባስ ጠመመ። ከታች ግራና ቀኝ ደግሞ ነጭ ሦስት ማዕዘን መጣብኝ።

ማራኪ ሰፈር፦
የጥጉ ማማ ክብ ነው፣ ክብ ነገር ጠርዙ መስመር አይሆንም። የመስኮትና የበር ጎን ያዥ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ፣ የተራራቁ ይሁኑ። ድሮም በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሰራ ግንብ ነው፣ መስመሩ ሁሉ እንደ ሰሞኑ ህንጻ እኩል እንዲሆን አትጠብቂ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ወደ ሌላ መስኮት ሂጂ። ነጩ የግድ ነው፣ ላዩ ሲለጠጥ ታቹ ይጠባል፣ ኮንስትሬይን ክሮፕ ብትይው ይቆርጥልሻል፣ እሱም ቢሆን ይመለሳል። ለወደፊቱ ስታነሺ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ተዪ፣ የቬሎ ጫፍ የሚቆረጠው ያኔ ነው።

የቀሃ ልጅ፦
እኔ ግን ሰዎቹን ማስክ አድርጋ (እንዳይነኩ ሸፍና) ግንቡን ብቻ ብታቃናው እላለሁ፣ አለበለዚያ ሙሽሮቹ ይበላሻሉ።

ጨለማ ክፍል፦
አይ አይመስለኝም። ሙሽሮቹም እንደ ግንቡ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፣ በልክ ከሆነ አብረው ይቃናሉ፣ እንዲያውም ከታች ስለተነሱ የረዘመው እግራቸው ይስተካከላል። የሚጎዱት ጥግ ላይ የቆሙ ሚዜዎች ናቸው፣ ወደ ጎን ይለጠጣሉ። ሲበዛ ግን እውነት ነው ሁሉም ነገር ላዩ ይገዝፍና ግንቡ ወደ ፊት የመጣ ይመስላል፣ ሙሽራው ገተርሽው ያለው ይሄን መሰለኝ፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አታቃኚው፣ ከስር ሆነሽ ቀና ብለሽ እንዳየሽው ትንሽ ይጠበብ። ግንቡ ቀጭን ከሆነብሽ አስፔክት የሚል ስላይደር አለ። የግድ ማስክ ካስፈለገ ሌየሩን ግሩፕ ውስጥ ክተቺና ማስኩን ግሩፑ ላይ አድርጊው፣ ያኔ ፎቶውን ስትጎትች ማስኩ አይንቀሳቀስም።

ብር የለኝም፦
ፎቶሾፕ ለሌለን ሰዎች፣ ዳርክቴብል ነጻ ነው፣ ሮቴት ኤንድ ፐርስፔክቲቭ የሚል ሞጁል አለው፣ መስመሮቹን ራሱ ፈልጎ ያቃናል፣ ኤዲቱን ከፎቶው ጎን በኤክስኤምፒ ፋይል ያስቀምጠዋል። ክሪታ የሚባለው ፕሮግራምም ኦሪጅናሉን ሳይነካ የሚያቃና ትራንስፎርም ማስክ አለው። ጊምፕ የሚባለው ፕሮግራም 3.0 ላይ ፊልተሮቹ በኋላ ተመልሰው የሚስተካከሉ ሆነዋል፣ የፐርስፔክቲቭ ቱሉ ግን ፒክስሉን ነው የሚቀይረው፣ ሌየሩን ዱፕሊኬት ሳታደርጉ አትንኩ። ስልክ ላይ ስናፕሲድ ይበቃል፣ ቪው ኤዲትስ ውስጥ ገብታችሁ እርምጃውን መልሳችሁ ታስተካክላላችሁ።

የአዘዞዋ፦
ተባረኩ፣ ሙሽራው ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ፣ ከኋላ የገባ ቱሪስት በክሎን (ከጎን ቀድቶ በሚሸፍነው ቱል) ላጠፋ ስል ስማርት ኦብጀክት ላይ አልሰራም ይለኛል።

ጨለማ ክፍል፦
አዎ በቀጥታ አይቀበልም። ባዶ ሌየር ከላይ ከፍተሽ ሳምፕሉን (ከየትኛው ሌየር እንደሚቀዳ) ከረንት ኤንድ ቢሎው አድርገሽ ብትሰሪ ይሄዳል፣ ግን ፐርስፔክቲቩን በኋላ ብትነኪው ያጠፋሽበት ቦታ አብሮ ስለማይሄድ ቱሪስቱ ከጎን ብቅ ይላል። ስለዚህ ባዶ ሌየሩንና ፎቶውን ሁለቱን መርጠሽ እንደገና አንድ ስማርት ኦብጀክት አድርጊያቸውና ከዚህ በኋላ ያለውን ማቃናት በኮንትሮል ቲ እሱ ላይ ስሪው፣ ውስጡን ለመንካት ደብል ክሊክ፣ ስትጨርሺ ሴቭ አድርገሽ ዝጊው፣ ውጪው ራሱ ይታደሳል።